ዘይት የምትበላ ካምሪ፦ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጅማ የሚኖሩ የአምስት ቤተሰብ አባወራ በፈረንጅ የ2007 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ፣ 2.4 ሊትር፣ አውቶማቲክ ከገዙ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ጌጁ 210,000 ኪሎ ሜትር ያነባል። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይራሉ፤ በመሃሉ ግን 3 ሊትር ያህል መጨመር ግድ ሆኖባቸዋል። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሙቀት መርፌው ከመሃል ከፍ ይላል። ገጠር ሲወጡ ደግሞ የመኪናዋ ሆድ መሬት ይነካል። ጋራዡ «ሞተሩ መፈታት አለበት፤ እስከዚያው 20ደብሊው-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ያድርጉበት» ብሏቸዋል። እሳቸውም «ላስፈታው፣ ልሽጣት፣ ወይስ እንዲሁ ልያዛት?» ይላሉ።

ጠያቂያችን፣ አሁን አያስፈቱት። ሥራው በዚህ ተራ ይሂድ፦ መጀመሪያ ሙቀቱ ይስተካከል፣ ቀጥሎ የሚበላው ዘይት በትክክል ይለካ፣ መፍታት የሚያስፈልግ ከሆነ ያኔ ይወሰናል። ከጻፉልን ሁሉ የሚያሳስበው ዘይቱ ሳይሆን መርፌው ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ሳይጎድልበት እየተጨመረለት ዓመታት ይሠራል። የዚህ ሞተር ብሎክ ግን አሉሚኒየም ነው። አንድ ጊዜ ክፉኛ ከፈላ፣ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ቡሎኖች የገቡበት ጥርስ ከብሎኩ ሊነቀል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለውን መዝጊያ) መቀየር ብቻውን ውሃውን አይዘውም። በዚያ ላይ ሙቀት ዘይቱን አክስሎ የፒስተኑን ፋሻ (ዙሪያውን ያለውን ቀለበት) ስለሚያጣብቅ፣ የሚያማርሩበትን የዘይት መብላት ራሱ ያባብሰዋል።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 94 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል። የሞተርዎ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ዕቃ) መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ ውሃው ከ95 ቢያልፍ የተለመደ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊትና ከውሃው ጋር የተቀላቀለው ኩላንት። «ኩላንት ለብርድ አገር ነው» የሚባለው ስህተት ነው። ኩላንት የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ አሉሚኒየሙን ከዝገት ይጠብቃል፣ የውሃ ፖምፓው መዝጊያም እንዳይደርቅ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞሉ የኖሩ ከሆነ፣ መርፌው ለምን እንደሚነሳ ግማሹን መልስ አግኝተዋል።

ፍተሻውን ከርካሹ ይጀምሩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ ክዳኑን አውጥተው የሥሩን ላስቲክ ይዩ። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ይቀየር። ሲገዙም ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በቶዮታ ክዳኖች ላይ ብዙ ጊዜ 1.1 ወይም 108 ይላል። አነስ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን ቢገጥምም ቶሎ ይተነፍሳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የውሃ ጎማ) በጨርቅ ጨበጥ አድርገው ይሞክሩት። ጠንከር ማለት አለበት፤ ልፍስፍስ ካለ ግፊት አልተያዘም ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተው በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል በባትሪ መብራት ይመልከቱ። የክረምቱ ጭቃ፣ የበጋው አቧራ፣ የሣር ፍሬና ነፍሳት እዚያ ተጋግረው እንደ ጡብ ይሆናሉ፤ ከፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ንጹሕ ይመስለዋል። የሚታጠበው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በተራ የጓሮ ጎማ ውሃ ነው። የላቫጆው ከፍተኛ ግፊት ቀጫጭኖቹን ክንፎች ስለሚያጥፋቸው የአየሩን መንገድ ጭራሽ ይዘጋዋል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ይክፈቱ፤ ሁለቱም ቬንቲላተሮች መዞር አለባቸው። ይህ ለጊቤ መንገድ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በከባድ መኪና ተርታ በ25 እና በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዳገት ሲወጡ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም ማለት ይቻላል፤ ራዲያተሩን የሚያበርዱት ቬንቲላተሮቹ ናቸው። አንዱ ብቻ የሚዞር መኪና ጅማ ከተማ ውስጥ ከሄርማታ እስከ አጂፕ ሲመላለስ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ጊቤ ላይ ግን ይጋለጣል።

ቴርሞስታቱ መኖሩንም ያስፈትሹ። መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የቆየ ልማድ ነው፤ ጎጂ ልማድም ነው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ከተማ ውስጥ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል። ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ቆጥሮ ቤንዚን ይጨምራል፤ ትርፉ ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ካርቦኑም ፋሻው ላይ ይከማቻል። ከሌለ ይገጠም፤ ካረጀ ይቀየር። በቺንጋው በኩል የውሃ ፖምፓውን ሲያዩ የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ካለ፣ ወይም ፑሊው በእጅ ሲነቀነቅ ጨዋታ ካለው፣ እሱም ተራው ደርሷል። በዚህ ሞተር ላይ የፖምፓ መንጠብ የታወቀ ነው።

ኩላንት ሲሞሉ መጠኑ እንዲህ ነው። ሲስተሙ በጠቅላላው ከ6 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ይይዛል። ዝገት ያለበት ከሆነ ንጹሕ ውሃ ሞልተው፣ የላይኛው ማኒኮቶ እስኪሞቅ አስነስተው፣ አቀዝቅዘው ያፍስሱ፤ የሚወጣው እስኪጠራ ይደጋገም። ራዲያተሩን ሲያፈሱ ብሎኩ ውስጥ ብዙ ውሃ ይቀራል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ቢሞሉ ቅይጡ ሳስቶ ይቀራል። መጀመሪያ 3 ሊትር ያልተቀላቀለ ኩላንት ይግባ፤ የቀረው በተጣራ ውሃ ይሞላ። የተጣራ ውሃ ሲባል ለባትሪ የሚሸጠው ዲስትል ውሃ ማለት ነው፤ አጠገቡ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ እንዳይሆን ጽሑፉን ያንብቡ። ማሞቂያውን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ክዳኑን ሳይከድኑ ሞተሩን አስነስተው፣ ማኒኮቶውን ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉት፤ አየሩ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል። መንቦቅቦቁ ግማሽ ሰዓት ቢጠበቅም አላቆም ካለ፣ ወይም ኩላንቱ የትም ሳይንጠባጠብ እየጎደለ ጠዋት ነጭ ጭስ ከታየ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ሞተር መፍታት እውነትም የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። የሞተርዎ ስም 2ኤዜድ-ኤፍኢ ነው። በፒስተኑ ላይ ሦስት ፋሻ አለ፤ ሁለቱ የላይኞቹ ግፊቱን ይይዛሉ፣ ሦስተኛው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይት ጠርጎ በፒስተኑ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ኮፓው (ከሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይመልሳል። በዚያ ዘመን ፒስተኖች ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ጠባብ ሆነው ስለተሠሩ በካርቦን ይደፈናሉ፤ ፋሻውም ይጣበቃል፣ ያልተጠረገው ዘይት ይቃጠላል። ነገሩ የታወቀ ስለሆነ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ ሞተሮች ተጨማሪ ዋስትና ሰጥቶ ፒስተንና ፋሻ ቀይሯል። መለኪያው በ1,930 ኪሎ ሜትር 0.95 ሊትር ገደማ ነበር። የእርስዎ በ5,000 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ማለት በዚያው ርቀት 1.16 ሊትር ነው፤ ከመስመሩ አልፏል፣ ግን ብዙም አልራቀም። ለዚህም ነው ግምቱን ትተው ይለኩ የምንለው።

መጀመሪያ ዘይቱ የሚቃጠል እንጂ የሚፈስ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ከሞተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን የሚንጠባጠበውን ዘይት ስለሚያጠራቅም ግቢ ውስጥ ጠብታ አለመታየቱ ማስረጃ አይሆንም። ሽፋኑ ይውረድ፣ ሞተሩ ከሥር ይታጠብ፣ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ በክሪክ ሳይሆን በጉድጓድ ወይም በሊፍት ላይ የቫልቭ ሽፋኑ ዙሪያ፣ የሰንሰለቱ ሽፋን፣ የዘይት ፊልትሮውና የኮፓው ጠርዝ ይታይ።

ከዚያ ልኬቱ። ሜዳ ቦታ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው 5 ደቂቃ ጠብቀው፣ የዘይት መለኪያውን አውጥተው፣ ጠርገው፣ መልሰው ከተው ያንብቡ። እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉና የጌጁን ቁጥር ይጻፉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እዚያው ቦታ ላይ ይመልሱና ወደ ላይኛው ምልክት ለመድረስ ስንት እንደፈጀ በሚሊ ሊትር ይመዝግቡ። አንዱን ሺህ በከተማ፣ ሌላውን በአዲስ አበባ መንገድ ያድርጉት፤ ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሲሞላ ከላይኛው ምልክት እንዳያልፍ። የዚህ ሞተር ልክ ከፊልትሮው ጋር 4.3 ሊትር ነው፤ «ይበላል» ብሎ 5 ሊትሩን ጀሪካን መገልበጥ ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል፣ መብላቱንም ይጨምረዋል።

በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። ጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በእርስዎ ልክ አንድ ጉዞ 0.42 ሊትር ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ደርሰው ሲመለሱ ታችኛው ምልክት አጠገብ ነዎት፤ ሦስተኛውን ሳይለኩ መነሳት አደጋ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት የሚናገረው ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አይደለም። እሱ በርቶ ካዩ ኩሽኔታዎቹ (የሞተሩ ዘንጎች የሚዞሩባቸው) መጎዳት ጀምረዋል ማለት ነው። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ረጅም መንገድ በፊት ይለካል፣ 1 ሊትር ዘይት ከመኪናዋ አይለይም።

ጋራዡ የሲሊንደር ግፊት (ኮምፕረሽን) መለኪያ ይዞ ቢመጣ ደግሞ ይህን ይወቁ። ለዚህ ሞተር የጥገና መጽሐፉ የሚሰጠው 198 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲሆን ዝቅተኛው 142 ነው፤ የተጻፈው ግን ለባሕር ጠለል ነው። ጅማ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ጤነኛ ሞተር እዚህ 155 እና 160 ቢያነብ አይደንቅም። ይህን ሳያገናዝቡ «ግፊት የለውም፣ ይፈታ» ማለት ንጹሕ ሞተር ያስፈታል። ዋናው ልዩነቱ ነው፦ አራቱም ሲሊንደሮች ከተቀራረቡና በመካከላቸው ከ14 ፒኤስአይ በላይ ካልተራራቁ፣ የላይኞቹ ፋሻዎችና ቫልቮች ደህና ናቸው፤ ችግሩ የዘይት ፋሻው ላይ ነው። ንባቡ የሚወሰደው ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ነው።

ጭሱም ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ከቫልቭ ጎሚኒ (በቫልቩ በኩል ዘይት እንዳያልፍ ከሚያግደው ላስቲክ) ነው። ረጅም ቁልቁለት ወርደው ቤንዚን ሲሰጡ የሚወጣው ደግሞ ከጎሚኒውም ከፋሻውም ሊሆን ይችላል።

ርካሽ የሆነውን ሁሉ ሳይሞክሩ ወደ ውዱ አይሂዱ። መጀመሪያ ፒሲቪ ቫልቩ፦ የሞተሩን ጋዝ ወደ መግቢያው የሚመልስ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። አውጥተው ሲያወዛውዟት ካልተንኳኳች ወይም ሲነፏት በሁለቱም አቅጣጫ ካሳለፈች ትቀየር። ከተደፈነች ሞተሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱን በፋሻው በኩል ይገፋዋል።

ቀጥሎ ፋሻውን መዘፍዘፍ ይቻላል። ሞተሩ ለብ ሲል አራቱን ኮይሎችና ካንዴላዎች ያውጡ፤ የካንዴላው ቁልፍ 16 ነው። ፒስተኖቹ እኩል ከፍታ ላይ እስኪሆኑ ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። በየሲሊንደሩ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ለፒስተን ካርቦን ተብሎ የተሠራ ማጠቢያ ጨምረው 12 ሰዓት ያሳድሩት። ጠዋት የቀረውን በስሪንጅና በቀጭን ቱቦ ይምጠጡ፣ የቤንዚኑን ፊውዝ ያውጡ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍነው ሞተሪኖውን ለ5 ሰከንድ ያሽከርክሩ። ይህ መዘለል የለበትም። ፈሳሽ ሲሊንደር ውስጥ ቀርቶ ካንዴላ ተገጥሞ ቢነሳ፣ ፈሳሽ ስለማይታመቅ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘውን ዘንግ ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ ዘይትና ፊልትሮ ወዲያው ይቀየር፤ ካንዴላዎቹ ተገጥመው ሲነሳ እስከ 20 ደቂቃ ቢያጨስ አይደንግጡ፣ ውጭ ቦታ ይሁን እንጂ። አንዳንዱ ሞተር ላይ የሚበላውን በግልጽ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አይለውጥም፤ የሚያውቁት ያው 1,000 ኪሎ ሜትሩን እንደገና ለክተው ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልተለወጠ በሦስተኛው አይለወጥም።

ስለ 20ደብሊው-50፦ አልመክርም። ወፍራም ዘይት መብላቱን ትንሽ ሸፋፍኖ ያቆየዋል። ይህ ሞተር ግን የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለውና ሰንሰለቱን የሚወጥረው በዘይት ግፊት ነው፤ በጅማ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። 5ደብሊው-30 ሙሉ ሲንተቲክ ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፤ እስኪወስኑ ድረስ 10ደብሊው-40 ቢጠቀሙ ችግር የለውም። ከ5,000 ኪሎ ሜትር ማሳለፍ ግን ካርቦኑን ስለሚጨምር አይሞከር።

በቁጥር ልወስንልዎ። ሙቀቱ ተስተካክሎ፣ ፒሲቪው ተቀይሮ፣ ከተዘፈዘፈም በኋላ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከ0.6 ሊትር በታች ከሆነ እየጨመሩ ይንዱ። ወደ 1 ሊትር ከተጠጋ፣ ካንዴላ ቶሎ ቶሎ ከጠቆረ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ፒ0420 የሚል ኮድ ካወጣ፣ የተቃጠለው ዘይት ማርሚታው ላይ ያለውን ጭስ የሚያጣራ ካታሊስት እያጠፋው ነውና መፍታቱ ያዋጣል። ያኔ «ፋሻ ብቻ ቀይረን እንገጥመዋለን» የሚል ካለ አይቀበሉ፤ አሮጌው ፒስተን ያው ጠባብ ቀዳዳ ስላለው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይመለሳል። የተሻሻለው ፒስተን ከነፋሻው፣ የዘንግ ኩሽኔታ፣ የቫልቭ ጎሚኒ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮንና አዲስ የቴስታታ ቡሎኖች አብረው ይገዙ። ቡሎኖቹ ሲጠብቁ እየተሳቡ ስለሚረዝሙ አሮጌዎቹ መልሰው አይገቡም። ሲፈታ የብሎኩ ጥርሶች፣ በተለይ ከኋላ በኩል ያሉት፣ አንድ በአንድ ይታዩ። ቴስታታው በቀጥ ማስመሪያ፣ ሲሊንደሮቹም በመለኪያ ይለኩ።

ስለ ሆዷ። ካምሪ ባዶዋን ከመሬት 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ናት፤ የምትችለው ጭነት ሰውን ጨምሮ 400 ኪሎ ገደማ ነው። አምስት ሰው ከተሳፈረ የቀረው አንድ የ60 ኪሎ ቡና ጆንያ ነው፤ ከአጋሮ ሁለት ጆንያ ጭኖ መመለስ ለኋላው ሞላ ከባድ ነው። ባዶዋን ሜዳ ላይ አቁመው ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ይለኩ። ግራና ቀኙ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ወይም ኋላዋ ከተቀመጠ ሞላው ደክሟልና ጥንዱ አብሮ ይቀየር። ስፔሰር (መኪናዋን ከፍ ለማድረግ ሞላው ላይ የሚጨመር ዕቃ) ማስገባት ከፈለጉ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ከዚያ በላይ ሲነሳ የፊት ሸሚያሶቹ (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) አንግል ይሰበራል፣ ላስቲካቸው ይቀደዳል፣ ጭቃ ይገባል። ከፍ ባለች ቁጥር አላይመንት ግድ ነው።

ከሞተሩ ሥር የብረት መከላከያ ማሠራት ጥሩ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበቃል። በቡሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ፤ ለዘይት ማፍሰሻው ቀዳዳ፣ ለአየር ማስወጫ ደግሞ ከኋላ በኩል ክፍተቶች ይኑሩት። ድፍን ላሜራ የራዲያተሩን ሙቅ አየር አፍኖ ያስተካከሉትን ሙቀት መልሶ ያመጣል። ኮፓው እስካሁን ተመትቶ ከተሰረጎደ አሁኑኑ ይውረድ፤ ወደ ውስጥ የገባው ስርጉድ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ሊዘጋ ይችላል፣ መጠኑ ሙሉ ሆኖ ግፊት የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀሪውን በአጭሩ። ኮብልስቶን ላይ ከፊት የሚሰማው ትንሽ ኳ ኳ ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሾክ አብዞርበር ከመቀየርዎ በፊት እሱን ያስፈትሹ። የፍሬን ሸራ ሲቀየር የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ከጭቃ ጸድተው በሲሊኮን ግራሶ ይቀቡ። አውቶማቲክ ካምቢዮው የቶዮታ ደብሊውኤስ ዘይት ይፈልጋል። በማፍሰሻው የሚወጣው ከ3 እስከ 4 ሊትር ስለሆነ የወጣውን ለክተው ያንኑ ያህል ይመልሱ። የጊቤን ቁልቁለት በዲ አይውረዱ፤ ወደ 3 ዝቅ አድርገው ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬኑ ይረፍ።

መሸጡን በተመለከተ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለታገደ፣ በዚህች ምትክ የሚገዙት ሌላ አሮጌ የነዳጅ መኪና ነው፤ ያም ጉዱ ያልታወቀ ነው። የሚሸጡ ከሆነም የለኩበትን ደብተር ለገዢው ያሳዩት። ከሚቀጥለው የአዲስ አበባ ጉዞዎ በፊት ግን የክዳኑ፣ የቬንቲላተሮቹና የኩላንቱ ሥራ ይጠናቀቅ፤ በዚያ ጉዞ አበልቲ ሲደርሱ መርፌው የት እንደነበረና ደርሶ መልሱ ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈጀ ይጻፉልን፤ ስለ ፒስተኑ ያኔ እንነጋገራለን።